ማን ቆረጣት?

ድመቴ ቁንጮ ትባላለች። ጭራዋ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ጫፉ ላይ ፀጉሩ ብትን ብሎ ስለሚቆም ከሩቅ ላየው የቀለም ብሩሽ ይመስላል። ምግብ ልሰጣት ስነሳ ያቺ ብሩሽ ቀኝና ግራ ትንቀጠቀጣለች። ሌሎች ድመቶች በሙሉ ጭራ የሚሉትን እሷ በዚያችው ትለዋለች፣ እኔም ይገባኛል። እንግዳው ግን ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ያያትና «ውይ! ማን ቆረጣት?» ይለኛል።

ልብ በሉ፣ «ምን ሆና ነው?» የሚል የለም። «ማን» ነው የሚሉት።

መጀመሪያ ሰሞን ቁጭ ብዬ አስረዳ ነበር። ማንም አልቆረጣትም። ሲወለዱ አራት ነበሩ፤ ሁለቱ ሙሉ ጭራ አላቸው፣ አንዱ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ግማሽ ጭራ አለው፣ እሷ ደግሞ ይቺን። በተወለዱ በሦስተኛው ቀን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፣ ገና ዓይናቸው እንኳ አልተገለጠም ነበር። አክስቴ ይህን ሁሉ በትዕግስት ሰማችኝ። ስጨርስ ጭንቅላቷን ነቅንቃ «እንግዲያው እናትየው ናታ የበላቻት፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማስረዳቱን ቀነስኩ።

ነገሩን ከቀልድ ያሳለፈብኝ የክትባት ካርዷ ነው። ለመጀመሪያው ክትባት ስወስዳት የተቀበለን ሐኪም ስሟን ጠየቀኝ፣ ዕድሜዋን ጠየቀኝ፣ ቀለሟን ራሱ አይቶ ጻፈ። «ልዩ ምልክት» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ቀና እንኳ ሳይል «ጅራተ ቆራጣ» ብሎ ሞላው።

«ዶክተር፣ አልተቆረጠችም እኮ። ስትወለድ ጀምሮ ነው።»

«ያው ነው» አለኝና መርፌውን ወግቶ ሸኘን።

ያው አይደለም። ለምን ያው እንዳልሆነ ለመናገር ግን ያን ቀን ቃል አጣሁ። የሚገርመው እሱም ያጣው ቃል ነው፤ ሌላ ቃል ቢኖረው ምናልባት እሱን ይጽፍ ነበር። እናም ማታ ማታ፣ ሌላው ሰው ፊልም በሚያይበት ሰዓት፣ እኔ ጭራ ለሌላቸው ድመቶች የተሰጡ ቃላትን ማሳደድ ጀመርኩ።

በገዛ ቋንቋዬ ነው የጀመርኩት። «ቆራጣ» ከቆረጠ ነው የመጣው፣ ይህን ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም። ጣተ ቆራጣ ሲባል አንድ ቀን ሙሉ ጣት ነበር፣ ከዚያ ቢላ ወይም ማሽን መጣ ማለት ነው። ቃሉ ውስጥ ድሮ የነበረ ሙሉ ነገር አለ፣ የሆነ ክፉ ቀን አለ፣ ጥፋተኛም አለ። እንግዶቼ «ማን?» የሚሉት ነገር ስለማይገባቸው አይደለም። ቃሉ ራሱ ነው የሚያስጠይቃቸው።

«ጎራዳ»ም የዚያው ዘመድ ነው። ጎረደ ማለት ቆረጠ ነው። ግን አፍንጫ ጎራዳ የሆነን ሰው ማንም «ማን ጎረደህ?» ብሎት አያውቅም። አፍንጫ ላይ ሲሆን ቃሉ ስለቱን ጥሎ ቅርጽ ብቻ ሆኗል። እንዲያ ከሆነ ለቁንጮ «ጅራተ ጎራዳ» ይሻላት ይሆን ብዬ ለጥቂት ቀን ሞከርኩት። አፌ ላይ አልጣመኝም። ስድብ ስድብ ይላል።

ከዚያ ወደ «የሌላት» ዞርኩ። እዚህ ጋ አማርኛ ሦስት በር አለው፣ ሦስቱም ወደ ተለያየ ክፍል ነው የሚያስገቡት። «ቢስ» ይዘልፋል፦ መልከ ቢስ፣ ዕድለ ቢስ፣ ዋጋ ቢስ። ጅራተ ቢስ ካልኳት ከእነዚህ ጋር ነው የማሰልፋት። «አልባ» ያዝናል፦ ወላጅ አልባ፣ ቤት አልባ። (ሰው አልባ አውሮፕላን ሲመጣ ነው ትንሽ ቀዝቀዝ ያለው።) «የለሽ» ደግሞ ሌላ ነው። ተስፋ የለሽ እንላለን፣ ግን እንከን የለሽም፣ አቻ የለሽም እንላለን። አለመኖር ሙገሳ ሊሆን የሚችልበት በር ይህ ብቻ መሰለኝ። ጭራ የለሽ። እንከን የለሽ። አቻ የለሽ። ደርድራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት እስቲ።

ችግሩ ቁንጮ ጭራ አላት። ትንሽ ናት እንጂ አለች።

ጭራ ነው ወይስ ጅራት የሚለውም አለ። ሁለቱን እያፈራረቅን ነው የምንጠራቸው፣ እኔም እዚሁ ጽሑፍ ውስጥ እያፈራረቅኩ ነው። ግን የፈረስ ጭራ እንላለን፣ የአይጥ ጅራት እንላለን፣ የአይጥ ጭራ የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም። ጆሮዬን ካመንኩት፣ ጭራ ወደ ፀጉሩ ያደላል፣ ጅራት ወደ አጥንቱ። ሰማይ ላይ የሚታየውን እንኳ ጅራታም ኮከብ አልነው እንጂ ጭራም አላልነውም። ድመት ሁለቱም ስላላት ሁለቱም ይሄድላታል። የቁንጮ ግን አጥንቱ ጥቂት፣ ፀጉሩ ብዙ ነው። በዚህ ሒሳብ ጅራት ጎሏት ጭራ የተረፋት ድመት ናት።

አንድ ቅናት ላክልና ልለፍ። ቀንድ ለሌላት ላም አንድ ቃል አለን፣ ጎዳ። ማን ቀንዷን ሰበራት አያስብልም፣ ጎዳ ናት፣ አለቀ። ጥርሱ መሃል ክፍተት ላለው ሰውም እንዲሁ ነው፤ ወላቃ ካልነው ጥርስ ወልቋል፣ ፍንጭት ካልነው ውበት ነው። ክፍተቱ ያው ክፍተት ነው። ጭራን በተመለከተ ግን ወላቃውን ብቻ ይዘን ፍንጭቱን ሳንፈጥር ቀረን።

በሌላ ቋንቋ ፍንጭቱን የፈጠረ ሰው አለ ወይ ብዬ ስፈልግ ነው አንዲት ደሴት ላይ የወደቅኩት። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባሕሩ ላይ ተቀምጣለች። ስሟ ማን ነው። እየጠየቅኩ አይደለም፣ ስሟ ማን ነው፤ ማን ደሴት። ይህን ያነበብኩ ቀን ለብቻዬ የሳቅኩትን ሳቅ ጎረቤት ሰምቶት ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ማን ቆረጣት?» ሲሉኝ ከርሜ፣ ጭራ በሌላቸው ድመቶች በዓለም የታወቀችው ደሴት ማን ሆና ቁጭ።

የደሴቲቱ ድመት ማንክስ ይባላል። የደሴቲቱ ቋንቋም ማንክስ ነው። በቋንቋው ጭራ የሌላትን ድመት ስታቢን ይሏት ነበር። ኔድ ማድሬል የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ፣ ቋንቋውን ከሕፃንነታቸው አፍ የፈቱበት የመጨረሻው ሰው፣ በ1974 ሞቱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዛሬ ሕፃናት በትምህርት ቤት እንደገና እየተማሩት ነው። በመካከሉ ድመቷ ቀጥላለች፤ በ1970 ሳንቲም ላይ ሁሉ ታትማለች። በነገራችን ላይ የደሴቲቱ ዓርማ በታፋቸው የተያያዙ ሦስት እግሮች ናቸው፣ የላቲኑ ጥቅስ ደግሞ ወዴትም ብትወረውረው ይቆማል ይላል። ለድመት ከዚህ የተሻለ መፈክር ማን ይጽፍ ነበር?

አሁን ወደ ቃላቱ። የማንክስ ድመት አርቢዎች «አላት ወይስ የላትም» ብለው አላቆሙም። ምን ያህል አላት ብለው ነው የለኩት። ምንም የጭራ አጥንት የሌላት፣ ጭራ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ስርጉድ ያለች፣ ራምፒ ናት። ራምፕ ማለት መቀመጫ ነው፣ እንግዲህ «ቂጥዬ» እንደማለት ነው። ቀጥላ ራምፒ ራይዘር አለች። ራይዘር ማለት ተነሺ ነው። ዝም ብላ ስትቆም ራምፒ ትመስላለች፣ ወገቧን ስትዳብሷት ግን ከቆዳው ሥር አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት አጥንት ብድግ ይላል። ይህን ቃል ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም እጁን ድመት ወገብ ላይ አድርጎ እንዳሰበው ግን እርግጠኛ ነኝ። በዓይን አይገኝም፣ በእጅ ነው የሚገኘው።

ከዚያ ስታምፒ። ከስታምፕ ነው፣ ጉቶ ማለት ነው። አጭር፣ ብዙ ጊዜ ቆልመም ያለ፣ የሚንቀሳቀስ ጭራ ያላት። የእኔይቱ እንግዲህ ስታምፒ ናት፣ «ጉቶዬ»። (ጉቶም ተቆርጦ ነው ጉቶ የሚሆነው፣ አውቃለሁ። ማምለጫ የለም።)

መጨረሻ ላይ ሎንጊ አለች። ይቺን ነው የወደድኳት። ሎንጊ ማለት ረጅሟ ማለት ሲሆን፣ ጭራዋ እንደ ማንኛውም ድመት ጭራ የሆነ ወይም ለዚያ የቀረበ ነው። ማለትም ከ18 እስከ 23 አጥንት ተደርድሮ ሌላው ዓለም ዝም ብሎ «ጭራ» የሚለው ነገር፣ እዚያ ሲደርስ ልዩ ስም ያስፈልገዋል። በማን ደሴት ድመቶች መሃል ሙሉ ጭራ ይዞ መወለድ «ልዩ ምልክት» ነው። ካርድ የሚሞላ ሐኪም ቢኖር እዚያ ነው ቀና ብሎ የሚጽፈው።

እነዚህ ቃላት ንጹሐን ናቸው እያልኩ አይደለም። የውድድር መድረክ ላይ ራምፒ ትከበራለች፣ ሎንጊ ወደ ጎን ትባላለች፤ ስለዚህ ስም ብቻ ሳይሆኑ ወንበርም ናቸው። ፀጉሯ የረዘመውን ማንክስ ደግሞ ኪምሪክ አሏት፣ ዌልሶች አገራቸውን ከሚጠሩበት ስም ወስደው። ድመቷ ከዌልስ ጋር ምንም አያገናኛትም። ቢሆንም አራቱ ቃላት አንድ ነገር አላቸው፣ ያቺን ጉቶ ካለፋችኋት፣ ከራምፒ እስከ ሎንጊ ስትሄዱ ማንም አልተቆረጠም።

ዋናው እንግሊዝኛ ግን ከእኛ አይሻልም። ቦብቴይል የሚለው ስም የመጣው ጭራቸውን አሳጥረው ከሚቆርጧቸው ፈረሶች ሰፈር ነው። ያው ቦብ ነው በ1920ዎቹ ሴቶች ፀጉራቸውን አንገት ላይ ሲቆርጡት የቁርጡ ስም የሆነው፣ እስከ ዛሬም ፀጉር ቤት ገብተን የምንጠራው። የአሜሪካ ጫካ ውስጥ ያለችው አጭር ጭራ የዱር ድመትም ቦብካት ተባለች፣ ማንም መቀስ ይዞ ሳይጠጋት። ከርቴይል የሚል ግስም አላቸው፣ መብትን ወይም ጊዜን መቀነስ፣ ማሳጠር። መነሻው ከርታል ነበር፣ ጭራው የተቆረጠ ፈረስ፣ አጭር ከሚል የፈረንሳይኛ ሥር። ሰዎች ቃሉ ውስጥ ቴይል፣ ማለትም ጭራ፣ የሰሙ መሰላቸውና አጻጻፉን ወደዚያ ጎተቱት። መጀመሪያ ጭራ ያልነበረው ቃል ላይ ጭራ ቀጠሉለት። ለድመቴ ያልተደረገላት ውለታ ለቃል ተደረገ።

ቃሉ «ተቆረጠ» ካለ ደግሞ ታሪክ ይከተላል። ማን ደሴት ላይ ከሚነገሩት አንዱ የኖኅ ነው፤ ድመቷ መርከቡ ላይ ለመግባት ዘገየች፣ ኖኅ በሩን ሲዘጋው ጭራዋ ውጭ ቀረ። ሌላው ስለ ወታደሮች ነው፤ የድመት ጭራ ቆርጠው የራስ ቁራቸው ላይ ይሰኩ ነበርና እናቶች ልጆቻቸውን ለማትረፍ ሲወለዱ ጭራቸውን ራሳቸው በጥርሳቸው ቆረጡላቸው። አክስቴ ይህን ታሪክ በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም፣ ግን እሷም እዚያው ነው የደረሰችው። ሌላው ዓለም ጫፍ፣ ጃፓን፣ የሚነገረው ደግሞ እሳት ዳር ተኝታ የነበረች ድመት ጭራዋ ተቀጣጥሎ ስትሮጥ ከተማውን አነደደችው፣ ንጉሡም ተቆጥቶ የድመት ሁሉ ጭራ ይቆረጥ አለ ይላል። በር፣ ጥርስ፣ አዋጅ። ሁሉም ጋ ቆራጭ አለ። የማን ደሴት ሰዎች አንድ የተለየ ታሪክ አላቸው፤ በ1588 ከተበተኑት የስፔን የጦር መርከቦች አንዱ ሲሰጥም ጭራ የሌላት ድመት ዋኝታ ወጣች የሚል። ይህ ብቻ ነው ማንም የማይቆርጥበት፣ ግን ጥያቄውን ወደ ስፔን ላከው እንጂ አልመለሰውም።

እነዚህን ታሪኮች ሁሉ አንድ ጀርመናዊ ሳይንቲስት ለድመት ሳያስብ ፉርሽ አድርጓቸዋል። አውጉስት ቫይስማን በ1880ዎቹ አይጦችን ወስዶ ጭራቸውን ይቆርጥ ነበር። የተቆረጡት ይወልዳሉ፣ የልጆቹንም ይቆርጣል፣ የልጅ ልጆቹንም። በአምስት ትውልድ 901 አይጥ ተወለደለት። ስንቱ ጭራ ሳይኖረው ተወለደ? አንድም። ያጠረ እንኳ የለም። ሙከራው ጭካኔ ነው፣ አይጥ ለማልወደው ለእኔም ሲከብደኝ ገባኝ። ግን መልሱ ቁርጥ ያለ ነው፤ ኖኅ በሩን ሺህ ጊዜ ቢዘጋውም ልጆቹ ሙሉ ጭራ ይዘው ነበር የሚወለዱት።

ለመወለድ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እሱንም ያገኙት አይጥ ላይ ነው። ፓሪስ ትሠራ የነበረች ናዴዥዳ ዶብሮቮልስካያ ዛቫድስካያ የምትባል ሩሲያዊት በ1927 ከልደታቸው አጭር ጭራ ስላላቸው አይጦች ጻፈች። ነገሩ ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ይህን የሚያወርሰው ጂን፣ ማለትም ዘረመል፣ ቲ የተባለው ቴይል ከሚለው ነው፣ ሌላ ስሙ ደግሞ ብራኪዩሪ። በግሪክኛ ብራኪስ አጭር፣ ኡራ ጭራ። አጭር ጭራ። በቃ። ማንም አልጎደለበትም፣ ማንም አልቆረጠም፣ ቃሉ ምስኪን አላላትም፣ ያየውን ጻፈ። የሳይንስ ቃል እንዲህ ልቤን ይነካኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። (ያው ኡራ ነው እንቁራሪቶች ባሉበት ወገን ስም ውስጥም የተቀመጠው፤ አኑራ፣ ጭራ የለሾቹ። እንቁራሪት ለዚህ አዝና አታውቅም።)

በ2013 የማንክስ ድመቶች ሲመረመሩ ለውጡ እዚያው ቲ ጂን ላይ ተገኘ። እዚህ ላይ ነገሩ ቀልድ ያበቃል። ድመቷ ይህን ለውጥ ከአንድ ወላጅ ብቻ ከወሰደች ጭራዋ ያጥራል ወይም ይጠፋል። ከሁለቱም ከወሰደች አትወለድም፣ ማህፀን ውስጥ ትቀራለች። ስለዚህ በሕይወት ያለች ጭራ የለሽ ማንክስ ሁሉ ለውጡን የያዘችው በአንድ በኩል ነው፣ ሁለት ራምፒ ብታጋቡም ከልጆቻቸው ሙሉ ጭራ ያለው አይጠፋም። የተወለዱትም ሁሉ ደህና ናቸው ማለት አይደለም፤ ያው ጂን ጭራን ብቻ ሳይሆን የአከርካሪውን መጨረሻም ይነካል። አንዳንዶቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል፣ የኋላ እግሮቻቸው ይደክማሉ፣ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ እያነሱ እንደ ጥንቸል ይዘላሉ። ድሮ ሰዎች ይህን አይተው ነው ድመትና ጥንቸል ተዋልደው ነው ያሉት። ለዚያም ስም አለው፣ ካቢት፣ ካት እና ራቢት ተለጥፈው። እንደዚያ ያለ እንስሳ የለም። ያለችው ጀርባዋን የሚያማት ድመት ናት፣ ስሙ ግን የተረት ስም ሆኖ ሰዎችን አሳቃቸው።

የጃፓኗ ሌላ ጂን ናት። የጃፓን ቦብቴይል ለውጥ ሄስ7 የሚባል ጂን ላይ እንደሆነ በ2016 ታወቀ፣ ይህኛው ደግሞ ሁለቱም ወላጅ ቢሰጡትም አይገድልም። ጭራዋ አጥንቱ ያነሰና የተቆለመመ ሆኖ ላዩ ላይ ፀጉሩ በየአቅጣጫው ይበተናል። ከድመት ድመት ስለሚለያይ እንደ ጣት አሻራ ነው ይላሉ አርቢዎቹ። ጃፓኖች ራሳቸው በድሮ ተረታቸው የሚፈሩት ረጅሙን ነው፤ ድመት ስታረጅ ረጅም ጭራዋ ለሁለት ተሰንጥቆ ኔኮማታ የሚባል ጭራቅ ትሆናለች። አጭር ጭራ ያላት ምን ይሰነጠቅባታል? ስለዚህ አጭሯ የሰላም ድመት ናት። ታጥፎ የተቆለመመውን ጭራ ደግሞ ካጊ ሺፖ ይሉታል። ሺፖ ጭራ ነው፣ ካጊ ቁልፍ ነው። መልካም ዕድልን ጠልፎ ይይዛል ተብሎ ይታመናል።

ቁልፍ! የቁንጮ ወንድም፣ ያ መንጠቆ ጭራ ያለው፣ የወሰደችው ልጅ «ሰባራው» ነው የምትለው። ይህን ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ከዚያ «እስቲ ላየው» ብላ ድመቱን ፍለጋ ሄደች፣ እኔን መስመር ላይ ረስታኝ።

አንድ የቀረ አለ፣ እሱም ስለ ድመት አይደለም። ያ ቲ የተባለው ጂን እኛም ጋ አለ። በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከዛሬ 25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የእኛና የነጎሪላ ቅድመ አያት ጭራውን ያጣው እዚሁ ጂን ውስጥ አንዲት የዲኤንኤ ቁራጭ ስለገባች እንደሚመስል አሳይቷል። ሁላችንም ማህፀን ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ጭራ ነበረን፣ ከዚያ ተመልሶ ገባ። የቀረችልን ወገባችን ጫፍ ላይ ያለችው፣ ደረጃ ላይ ተንሸራተን በቂጣችን ስንወድቅ ሰላምታ የምትሰጠን አጥንት ናት። ማለትም በማንክስ አጠራር ከሄድን ራምፒ ራይዘሮች ነን። አሁን አሁን እንግዳ «ማን ቆረጣት?» ሲለኝ «አንተንስ ማን ቆረጠህ?» እለዋለሁ። ሁሉም አይስቅም።

ባለፈው ለዓመታዊው ክትባት ስንሄድ ሌላ ሐኪም ነበረች። ቁንጮ ከሳጥኗ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ጀርባዋን ስታዞር፣ ሐኪሟ ጭራዋን አየች፣ ካርዱን አየች፣ ከዚያ ካርዱን አስቀመጠችው።

«የተቆረጠው ስንት ዓመቷ ላይ ነው?»

«አልተቆረጠም ዶክተር። ስትወለድ ጀምሮ ነው።»

«እህ» አለችና መነጽሯን አስተካከለች። «እሱማ ሌላ ነገር ነው።»

በሁለት ጣቷ ከወገቧ ጀምራ አጥንት በአጥንት ወረደች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ፀጉሩን ከፈል አድርጋ አየች፣ ጠባሳ የለም። ሽንቷን ሳታስበው ያመልጣታል? አያመልጣትም። ስትሮጥ ሁለቱን የኋላ እግር አንድ ላይ ታነሳለች? አታነሳም። ከኋላዋ ራሷን ታጸዳለች? በደንብ። በጥያቄዎቹ መሃል ታስረዳኛለች፤ ጭራው በበር ተይዞ ወይም ተጎትቶ ቢሆን ወደ ፊኛና ወደ አንጀት የሚሄደው ነርቭ አብሮ ተጎድቶ እንደሆነ ታይ ነበር፣ ተፈጥሮ ከሆነ ደግሞ የምታየው አከርካሪው በትክክል መዘጋቱን ነው። ካርዱ ላይ ያለውን ብታምን ኖሮ የምትፈልገው ያልደረሰ አደጋ ነበር። ያ ያጣሁት «ያው አይደለም» የሚለው መልስ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በሌላ ሰው አፍ መጣልኝ።

ቁንጮ ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይኗን ጨፍና ታንኮራፋ ነበር። ሐኪሟ ወገቧን ስትዳብሳት ያቺ ብሩሽ ቀጥ ብላ ቆመች። ሐኪሟ ሳቀች።

እስክሪብቶ አነሳች። «ጅራተ ቆራጣ» የሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመረችበትና «ምን ልበላት ታዲያ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ግን ስታምፒ ልበላት? ብራኪዩሪ? ጭራ አጠር? አፌ ተያያዘ።

እሷ ግን እኔን መጠበቋን ትታ ካርዱን ከላይ ጀምራ እያነበበች ነበር። «ስም፣ ቁንጮ» አለች። ቀና ብላ ያቺን ብትን ያለች ጸጉር አየቻት። «ቁንጮ ያላችኋት ለዚህ ነው?»

«አዎ ዶክተር።»

«ታዲያ እኔን ምን ያስጽፈኛል» አለችና ልዩ ምልክት በሚለው ፊት፣ ከተሰረዘው ጎን፣ «ስሟን ይመልከቱ» ብላ ጻፈች።